የማቅለሚያ ፍሳሽን በብርሃንና በናኖ ቁሶች ማጽዳት፦ በጎንደር ምን ያህል ይሠራል?

የቀሃ ዳር (ውይይቱን የከፈተ) | ኅዳር 8

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በከተማችን ክርና ልብስ የሚያቀልሙ፣ ለስፌት የሚሆን አክርማ የሚነክሩ፣ የደበዘዘ ጂንስ መልሰው የሚያጠቁሩ ብዙ ወገኖች አሉ። የሚተርፋቸው ባለቀለም ውሃ ብዙውን ጊዜ በቅርብ ወደሚገኝ ቦይ ይደፋል፤ የጎንደር ቦይ ደግሞ ቀሃን ወይም አንገረብን ማግኘቱ አይቀርም፣ እነርሱም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ቀለምን የሚሰባብሩ ናኖ ቁሶች (በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ ማለትም በናኖሜትር፣ የሚለኩ ደቃቅ ቁሶች) የምርምር መጽሔቶችን በሞሉበት በዚህ ጊዜ፣ ነገሩ ለእኛ ምን ያህል እንደሚሆን በግልጽ እንድንነጋገርበት ይህን የውይይት ክር ከፍቻለሁ።

አሠራሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድና ዚንክ ኦክሳይድ ሴሚኮንዳክተሮች (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፉ ቁሶች) ናቸው። ኤሌክትሮኖቻቸው በሰፈሩበት የኃይል እርከንና ባዶ በሆነው የላይኛው እርከን መካከል ክፍተት አለ፤ አናቴዝ በሚባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ይህ ክፍተት 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ387 ናኖሜትር ገደማ ያነሰ ብርሃን፣ ማለትም አልትራቫዮሌት፣ ሲያርፍበት ኤሌክትሮኑ ወደ ላይኛው እርከን ይዘልና ከኋላው አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ክፍት ቦታ ይተዋል። ክፍት ቦታው ከውሃ ኤሌክትሮን ነጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ከሌሎች ጋር ለመዋሃድ እጅግ የሚቸኩል ሞለኪውል ይፈጥራል፤ የዘለለው ኤሌክትሮን በበኩሉ በውሃው ውስጥ ከሟሟው ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ሱፐርኦክሳይድ ይሆናል። ሃይድሮክሲል ራዲካል ያገኘውን ኦርጋኒክ ሞለኪውል ሁሉ የሚያጠቃ በመሆኑ የቀለሙን ሞለኪውል ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል፤ በቂ ጊዜና ብርሃን ካገኘ መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና እንደ ናይትሬትና ሰልፌት ያሉ ጨዎች ይሆናል።

ቁሱ ናኖ መሆኑ የሚጠቅመው በሁለት ምክንያት ነው። ኤሌክትሮኑና ክፍት ቦታው ቶሎ ወደ ላይኛው ገጽ ካልደረሱ መልሰው ይገናኙና የብርሃኑ ኃይል ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል፤ ቅንጣቱ ሲያንስ ግን መንገዳቸው ያጥራል። ገጹም እጅግ ይሰፋል፦ ፒ25 በሚል ስም የሚታወቀው ዱቄት የቅንጣቶቹ ስፋት 20 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ አንዱ ግራም 50 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ አለው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 እ.ኤ.አ. የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ በብርሃን ውሃን እንደሚሰነጥቅ አሳዩ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍራንክና ባርድ በዚሁ ቁስ ዱቄት በውሃ ውስጥ ያለ ሳያናይድን ማፍረስ እንደሚቻል አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፏል፤ ሆኖም ይህን ዘዴ የዕለት ሥራው ያደረገ የማቅለሚያ ፋብሪካ ማግኘት ብርቅ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ርቀት ነው። ከተማችን ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐይዋ አይታማም፤ ብርሃን አለን። የጎደለን ምንድን ነው?

አክርማ | ኅዳር 8

ለጥያቄው ባለቤት ምስጋናዬ ይድረሳቸው። እኔ የምተዳደረው በስፌት ነው፤ ሞሰብና ሰፌድ እሰፋለሁ፣ አክርማውንም የምነክረው ራሴ ነኝ። ከገበያ የሚገዛውን የዱቄት ቀለም በድስት አፍልቼ ከነከርኩ በኋላ የሚተርፈው ውሃ ከጓሮ ይደፋል። ጎረቤቶቼም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ልጆቻችን በዚያው ጓሮ ስለሚጫወቱ ነገሩ ያሳስበኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ሞሰብ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ታዲያ ውሃውን በሰፊ ገበታ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማዋል ብቻውን አይበቃም ወይ? ሁለተኛው፣ ታይታኒየም የተባለው ነጭ የግድግዳ ቀለም ውስጥ እንደሚገኝ ሰምቻለሁ፤ ያንን ዱቄት ገዝቶ መጨመር ይቻላል ወይ?

የአዘዞ መሐንዲስ | ኅዳር 9

የውሃና የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ሙያዬ ስለሆነ፣ ወንድሜ የቀሃ ዳር ለጠየቁት ከሙያዬ አንጻር ልመልስ። የጎደለው ብርሃን አይደለም። የጎደለው፣ በቤተ ሙከራ የሚሞከረው ውሃና ከማቅለሚያ ቤት የሚወጣው ውሃ አንድ አለመሆናቸውን በቁም ነገር መውሰድ ነው።

ጥጥን የሚያቀልሙት ሪአክቲቭ የሚባሉት ቀለሞች ከክሩ ጋር እንዲጣበቁ ብዙ ጨው ይፈልጋሉ፤ በሊትር ከ50 እስከ 80 ግራም የሚደርስ ጨው መጨመር የተለመደ ነው። ከዚያም ቀለሙ ከጥጡ ጋር እንዲተሳሰር ሶዳ አሽ ይጨመርና የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) ወደ 11 ይጠጋል። ይህን ውሃ ይዘን ወደ ፎቶካታሊስቱ (በብርሃን ኃይል ቀለሙን ወደሚያፈርሰው ቁስ፣ ባጭሩ ካታሊስቱ) ስንመጣ በአንድ ጊዜ በርካታ እንቅፋቶች ይገጥሙናል። ከጨው የሚመጣው ክሎራይድና ከሶዳ አሹ የሚመጣው ካርቦኔት ሃይድሮክሲል ራዲካሉን ቀለሙ ዘንድ ሳይደርስ ይይዙታል፤ ከዚህም የሚፈጠረው የካርቦኔት ራዲካል በጣም የደከመና መርጦ የሚያጠቃ ነው። የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ገጽ ከፒኤች 6 ወይም 6.5 በላይ አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል፤ ሪአክቲቭ ቀለሞችም አሉታዊ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፣ ቀለሙም ወደ ገጹ አይጠጋም። በቤተ ሙከራ የሚወደደው ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም ግን አዎንታዊ ነው፤ በዚያው ፒኤች እየተሳበ ይጣበቃል። በአንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ዋስትና የማይሆነው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሌላው፣ የጠቆረ ውሃ ብርሃን አያሳልፍም። የመጀመሪያው መንከሪያ ውሃ በጥቂት ሚሊሜትር ጥልቀት ውስጥ ብርሃኑን ሁሉ ራሱ ቀለሙ ይውጠዋል፤ ከታች ያለው ካታሊስት በጨለማ ይቀመጣል። ከምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው፤ ያችኑ ጥቂት ብርሃን ለቀለሙ ከሰጠናት ምንም አልቀረንም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። መንከሪያውንና ማጠቢያውን ውሃ መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መንከሪያ መጠኑ አነስተኛ፣ ጨውና ቀለሙ ግን ከባድ ነው፤ እርሱን በአልሙኒየም ሰልፌት ወይም በሽፈራው ፍሬ ዱቄት አርግቶ ዝቃጩን ማስቀረት ይሻላል፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው አሉታዊ ቀለሞችን ይሰበስባል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማጠቢያ ውሃ ግን መጠኑ ብዙ፣ ቀለሙ የሳሳ፣ ጨውም የቀነሰ ነው፤ ለብርሃን ሥራ የሚመቸው እርሱ ነው። በደቡብ ስፔን አልሜሪያ በሚገኘው የፀሐይ ምርምር ጣቢያ ለበርካታ ዓመታት የተሠራባቸው፣ ብርሃኑን በመስተዋት ወደ ብርጭቆ ቱቦዎች የሚሰበስቡ መሣሪያዎችም ጥሩ ውጤት የሚሰጡት ውሃው የጠራና ብክለቱ የሳሳ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ውሃው ታክሞና በሜምብሬን (እጅግ ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ) ተጣርቶ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። ለትልቅ ፋብሪካ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአንድ የሠፈር ማቅለሚያ ቤት ግን የማይታሰብ ወጪ ነው፤ የዚህ ክር ጥያቄ ትርጉም የሚያገኘውም ለእነዚህ ትንንሾቹ ነው።

የቀሃ ዳር | ኅዳር 9

የአዘዞው መሐንዲስ ስለ ማጠቢያው ውሃ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

እህቴ አክርማ ለጠየቁት፦ ፀሐይ ብቻውን ቀለምን ያደበዝዛል፣ ነገር ግን የዛሬ ቀለሞች ብርሃን እንዲቋቋሙ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ በጣም ይዘገያል። የግድግዳ ቀለም ውስጥ ያለውን ዱቄት በተመለከተ፣ እባክዎ አይሞክሩት። ፋብሪካዎች ቀለሙ ግድግዳ ላይ እንዳለ በፀሐይ እንዳይፈራርስ ሲሉ የታይታኒየም ዳይኦክሳይዱን ቅንጣት በሲሊካና በአሉሚና ይሸፍኑታል፤ የሚመርጡትም ሩታይል የተባለውን፣ በዚህ ሥራ ደካማ የሆነውን ዓይነት ነው። ማለትም እኛ የምንፈልገውን ጠባይ ሆን ብለው አጥፍተውታል። ከዚህም በላይ የደረቀው ዱቄት በትንፋሽ መግባት የለበትም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በትንፋሽ የሚገባውን የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብናኝ ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ከ2ቢ ምድብ አስገብቶታል። ልጆች ባሉበት ቤት ናኖ ዱቄት በእጅ መነካካት ተገቢ አይደለም።

ለእርስዎ ሥራ ከናኖ ቁስ ይልቅ ቀላሉ ነገር ይቀድማል። አንዱን መንከሪያ ውሃ ቀለም እየጨመሩ ደግመው ይጠቀሙበት፤ ከፈካው ወደ ጥቁሩ ቢነክሩ፣ ለምሳሌ ቢጫውን አስቀድመው አረንጓዴውንና ጥቁሩን ቢያስከትሉ፣ የሚደፋው ውሃ በእጅጉ ያንሳል። በመጨረሻ የሚተርፈውን በበጋ በሰፊ የፕላስቲክ ገበታ፣ ልጆችና ዶሮዎች በማይደርሱበት ቦታ አድርቀው፣ የቀረውን ደረቅ ዝቃጭ በላስቲክ ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዱ፤ ከጉድጓድ ውሃ አጠገብ ግን ፈጽሞ አይድፉ። የነከሩበት ድስትም ወጥ እንዳይሠራበት አደራ።

ከጎርጎራ | ኅዳር 10

የምኖረው በሐይቁ ዳር ነው፣ ሥራዬም ከዓሣ ጋር የተያያዘ ነው። እስካሁን የተጻፈውን በአድናቆት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ሁላችሁም የተናገራችሁት ስለ ቀለሙ ብቻ ስለሆነ ስለ ካታሊስቱ ልጠይቅ።

በጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠራማ ቦታ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ መገጭም ከእነዚህ ወንዞች አንዱ ነው። እንቁላልና ጫጩት ዓሣ ደግሞ ለብረታ ብረት እጅግ ስስ ናቸው። ዚንክ ኦክሳይድ አሲድነት ባለውም፣ ሶዳ በበዛበትም ውሃ ይሟሟል፤ ብርሃን ላይ ሲቆይም ራሱ እየተሸረሸረ ዚንክ ይለቃል። ያ ዚንክ ዓሣን ይጎዳል። በናኖሜትር የሚለካ ዱቄት በተራ ጨርቅም ሆነ በአሸዋ ማጣሪያ አይያዝም። ቀለሙን አስወግደን ዚንክ ወደ መገጭ የምንልክ ከሆነ ለዓሣው ምን ጠቀምነው? አንድ መሣሪያ ቀርቦ ከመመስገኑ በፊት ከእርሱ በሚወጣው ውሃ ውስጥ የካታሊስቱ ብረት ምን ያህል እንደሆነ መለካት ግዴታ መሆን አለበት ብዬ አጥብቄ አምናለሁ።

የቴዎድሮስ ካምፓስ ተማሪ | ኅዳር 11

ይህ ውይይት የመጣልኝ በትክክለኛው ሰዓት ነው። የሁለተኛ ዲግሪ የኬሚስትሪ ተማሪ ስሆን፣ ያሰብኩት የመመረቂያ ጥናት ዚንክ ኦክሳይድን በእፅዋት ጭማቂ አዘጋጅቶ በሜቲሊን ብሉ ላይ መሞከር ነበር። የማገኘው መሣሪያ ስፔክትሮፎቶሜትር (ውሃው በየሞገድ ርዝመቱ የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ) ነው፤ ጠቅላላ የኦርጋኒክ ካርቦን መለኪያ ግን አላገኝም። ታላላቆቼ፣ ጥናቴ ለከተማው የሚጠቅም እንዲሆን ምን ልለውጥ? ከጎርጎራ የጻፉት ያነሡትንስ ሥጋት እንዴት ልመልሰው?

የአዘዞ መሐንዲስ | ኅዳር 11

እህቴ፣ ጥያቄሽ የዚህን ክር ዋና ነገር ስለሚነካ በዝርዝር ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ፣ ቀለም ጠፋ ማለት ብክለት ጠፋ ማለት አይደለም። ሜቲሊን ብሉ ይህን ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ቀለም ኤሌክትሮን ሲቀበል ቀለም አልባ ወደሆነው ሉኮ ወደሚባለው መልኩ ይለወጣል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት የለካ ሰው ቀለሙን አጠፋሁት ይላል። በተጨማሪም ቀለሙ በዱቄቱ ላይ ተጣብቆ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ቀለሙ ራሱም የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ ኤሌክትሮኑን ወደ ካታሊስቱ አሳልፎ ራሱን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ የመጨረሻው በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ካታሊስት አገኘን ለሚሉ ጥናቶች አደገኛ ወጥመድ ነው፤ ቁሱ ብርሃኑን ሳይቀበል የተቀበለ ይመስላል። ሜቲሊን ብሉ ብርሃንን ይበልጥ የሚውጥበት የ664 ናኖሜትሩ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገድ ርዝመቱ የሚዋጠው ብርሃን፣ መመዝገብ አለበት፤ ጫፉ ወደ አጭር ሞገድ ሲንሸራተት ካየሽ ሞለኪውሉ የሚቲል ቡድኖቹን እየጣለ ነው እንጂ ገና አልፈረሰም።

ስለዚህ ከሜቲሊን ብሉ ይልቅ በጨርቅ ማቅለሚያ በሰፊው የሚሠራበትን፣ ሪአክቲቭ ብላክ 5 የተባለውን ምረጪ፤ ኤዞ ከሚባሉት፣ በሞለኪውላቸው መካከል የሁለት ናይትሮጅን ማሰሪያ ካላቸው ቀለሞች አንዱ ነው። የተጣራ ውሃ ላይ ከሞከርሽ በኋላ ያንኑ ሙከራ ጨውና ሶዳ አሽ ጨምረሽ ድገሚው። ውጤቱ ይወርዳል፤ መውረዱን መለካትና ማሳተም ቀለሙን 98 ከመቶ አጠፋሁ የሚል ሌላ ውጤት ከማሳተም ይልቅ ለጎንደር ይጠቅማል። ብርሃን ሳይኖር ከካታሊስት ጋር፣ ካታሊስት ሳይኖር ከብርሃን ጋር የሚደረጉት ማነጻጸሪያዎች አይቅሩ፤ ብርሃኑ ከመከፈቱ በፊትም ቀለሙና ዱቄቱ በጨለማ ሚዛናቸውን እስኪያገኙ መቆየት አለባቸው።

የካርቦን መለኪያ ባይኖርሽ ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎትን (በውሃው ያለውን ኦርጋኒክ ብክለት ለማቃጠል የሚያስፈልገውን የኦክስጅን መጠን) ዳይክሮሜት በተባለው ኬሚካል መለካት ትችያለሽ፤ ነገር ግን ክሎራይዱ በዚህ መለኪያ ውስጥ እየገባ ቁጥሩን ስለሚያሳድገው በደንቡ መሠረት መታረም አለበት፣ የሚያገለግለው የሜርኩሪ ጨውም መርዝ ስለሆነ በልዩ ዕቃ ይጠራቀም። ከዚህ ጎን ለጎን የዘር ማብቀያ ሙከራ አድርጊ። የታከመውንና ያልታከመውን ውሃ በሳህን ላይ ባለ ወረቀት አፍስሰሽ የሰላጣ ወይም የጤፍ ዘር አብቅዪበት፤ ከንጹሕ ውሃና፣ ያን ያህል ጨው ካለው ግን ቀለም ከሌለው ውሃ ጋር የሥሩን ርዝመት አነጻጽሪ። ይህ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚነግርሽ ግን ስፔክትሮፎቶሜትሩ የማይነግርሽን ነው። ኤዞ ቀለሞች በግማሽ ሲቆረጡ አሮማቲክ አሚኖች ሊወጡ ይችላሉ፤ ከእነርሱም እንደ ቤንዚዲን ያሉት ካንሰር አምጪነታቸው የተረጋገጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉትን አሚኖች የሚለቁ ኤዞ ቀለሞች ሰውነት በሚነኩ ጨርቆች ላይ እንዳይሠራባቸው የከለከለውም ለዚህ ነው።

ስለ እፅዋት ጭማቂው አንድ ነገር በቅንነት ልናገር። ጭማቂው ቅንጣቶቹ ሲፈጠሩ መጠናቸውን ሊወስን ይችላል፤ ዱቄቱ ግን በስተመጨረሻ በ400 ወይም በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተቃጠለ የእፅዋቱ ኦርጋኒክ ክፍል በአብዛኛው ይጠፋል። ያለ ጭማቂው የተዘጋጀ ተመሳሳይ ዱቄት አጠገቡ ካልተሞከረ ዕፁ ምን እንደጨመረ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

የቀሃ ዳር | ኅዳር 12

ከጎርጎራ ለጻፉት፦ ሥጋትዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ዱቄት በውሃ በጥብጦ የመጨመርን መንገድ ለከተማችን አልደግፍም። ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ) ያለበት ካታሊስት ሠርቶ በማግኔት መልሶ መሰብሰብ ይቻላል የሚሉ ብዙ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ማምለጡ የማይቀር ነው። የተሻለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይዱን በብርጭቆ ወይም በሸክላ ላይ ማጣበቅ ነው። ውሃው እንደ ስስ ንጣፍ በላዩ ይፈሳል፣ ቁሱ ከቦታው አይነሣም። ሥራው እንደሚዘገይ አውቃለሁ፤ ቀለሙ ወደ ገጹ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው፣ ለብርሃን የተጋለጠውም ገጽ ከዱቄቱ ያነሰ ነው። ለሐይቁ ሲባል ይህን ዝግታ መቀበል ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ወለቃን አስባለሁ። የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ጠፍጣፋ፣ ሻካራ ገጽ ያለው ሸክላ መሥራት አይቸግራቸውም፤ ሻካራው ገጽም ሽፋኑን አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ አናቴዝ ከ600 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ወደ ሩታይል መለወጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሽፋኑ ከሸክላው ጋር አብሮ እሳት ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሸክላው አስቀድሞ ተተኩሶ፣ ሽፋኑ በኋላ ተቀብቶ በ450 ዲግሪ አካባቢ በምድጃ መጋገር ይኖርበታል። እህቴ ከዚንክ ኦክሳይድ ይልቅ ይህን ብትሞክሪ ከጎርጎራ ለመጣው ጥያቄ ግማሹን ትመልሺዋለሽ፤ ሌላውን ግማሽ ለመመለስ ደግሞ ከሸክላው ላይ የሚወርደውን ውሃ እየሰበሰብሽ ታይታኒየሙን ማስለካት ይጠበቅብሻል።

ክረምቱን በተመለከተ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመና ስለሚበዛ መሣሪያው እንደ በጋው አይሠራም። ከዚያ ወራት ፍሳሹን በማርጋት ብቻ ማከም ወይም በበርሜል ማቆየት ያስፈልጋል፤ ዓሦቹ ወደ ወንዝ የሚወጡትም በዚያው ወራት ስለሆነ ይህ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

አክርማ | ኅዳር 12

ስለ ምክሩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቢጫው መጀመርን ለጎረቤቶቼም ነግሬአቸዋለሁ። ተማሪዋ እህቴ ለሙከራ የሚሆን ውሃ ከፈለግሽ የእኔን መውሰድ ትችያለሽ፤ ቅዳሜ ከገበያ በፊት እነክራለሁ።

የቴዎድሮስ ካምፓስ ተማሪ | ኅዳር 13

እመጣለሁ፤ ለአማካሪዬም በሪአክቲቭ ብላክ 5ና በሸክላ ላይ በተቀባ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ እንድሠራ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ወይዘሮ፣ ከመንከሪያው ውሃ አንድ ሊትር፣ ከእያንዳንዱ ማጠቢያም አንዳንድ ሊትር ለየብቻ ቢያስቀምጡልኝ፣ የየቀለሙን ዱቄት ማሸጊያም ሳይጥሉ ቢያቆዩልኝ ይበቃኛል። የአዘዞው መሐንዲስ፣ ናሙናውን ከመለካቴ በፊት እንዴት ላቆየው?

የአዘዞ መሐንዲስ | ኅዳር 13

ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተሽ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀምጪው። ፒኤቹንና፣ የጨው መጠኑን ለማወቅ፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ግን እዚያው ጓሮው ላይ ለኪ፤ ለቀለም መለኪያው የሚሆነው ላይ አሲድ አትጨምሪ፣ ብዙ ቀለሞች ፒኤች ሲለወጥ መልካቸው ይለወጣል። የአክርማ ቀለም የጥጥ ቀለም አለመሆኑንም አስቢ፤ አዎንታዊ ይሁን አሉታዊ ሳታውቂ ፒኤቹን መምረጥ አትችዪም። ስለዚህ ከብርሃኑ ሙከራ አስቀድመሽ በጨለማ፣ አንዱን በፒኤች 4፣ ሌላውን በፒኤች 9 ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር አቆይተሽ በየትኛው እንደሚጣበቅ እዪ።